ከፍትፍቱ ፊቱ፤ ለሠርግ ወደ ጎንደር የሚመጣ እንግዳ በምን ይስተናገድ?

የጥምቀት በዓል ካለፈ ወዲህ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያሉት ሳምንታት በአገራችን የሠርግ ወራት እንደ ሆኑ የታወቀ ነው። በዚህ ጊዜ በጎንደር ከተማ በየሰፈሩ ዳስ ይጣላል፤ ጠላ ይጠመቃል፤ በርበሬ ይቀመማል፤ ዘመድም ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር፥ ባሕርም ተሻግሮ ከአሜሪካ፥ ከአውሮፓና ከእስራኤል ይሰበሰባል። ሠርግ ሁለት ቤተ ሰብ የሚዛመድበት ነውና፥ ከሚመጡት እድምተኞች ብዙዎቹ ከተማዪቱን ከዚያ በፊት ረግጠዋት የማያውቁ የሌላው ወገን ዘመዶች ናቸው።

ብዙ ጊዜ ሲደረግ የምናየው ግን እንዲህ ነው። እንግዳው ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ ወደ ዳስ ይገባል፤ በዳስ ውስጥ ሁለት ቀን ተቀምጦ ይበላል፥ ይጠጣል፤ በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን አንሥቶ ይመለሳል። አገሩ ገብቶ «ጎንደር ምን አየህ?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ ከዳሱ ሸራና ከወንበሩ ብዛት በቀር የሚናገረው የለውም። ደጋሹም በበኩሉ እንግዳዬ ይቀየመኛል ብሎ ስለሚሰጋ፥ አንድ በሬ የሚበቃበት ላይ ሁለት፥ ሁለት የሚበቃበት ላይ ሦስት ይጥላል። ዳሱ ከፈረሰ በኋላ ዕዳው ሳይፈርስ ይቀራል፤ ሙሽሮቹም ጎጆ ሊወጡበት የሚገባው ገንዘብ በአንድ ቀን ያልቃል።

አባቶቻችን በዚህ ነገር አስቀድመው ፈርደዋል፤ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ብለዋልና። እንግዳን የሚያስደስተው የማዕዱ ብዛት ሳይሆን የአስተናጋጁ ፊት፥ ጊዜውና አሳቡ ነው ማለታቸው ነው። ስለዚህ እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናሳስብ የምንወደው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ለእንግዳ ሦስተኛ በሬ ከመጣል ይልቅ አንድ ቀን መስጠት እንደሚበልጥ፥ ጎንደርም ለዚህች አንዲት ቀን የሚበቃ ብዙ ነገር ያላት ከተማ መሆንዋን ነው።

አስቀድሞ ቀኑን መቍጠር

ደጋሽ የሆነ ሰው የጥሪ ወረቀት ከመላኩ በፊት ቀን መቍጠሪያውን ይመልከት። የሠርጉ ቀን ቅዳሜ ወይም እሑድ ቢሆንም፥ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ኀሙስ ወይም ዓርብ ይደርሳል፤ ስለዚህ የሚቀበለው የመጀመሪያው ማዕድ የጾም ማዕድ ሊሆን ይችላል። ለጥምቀት አስቀድሞ የሚመጣ እንግዳ ቢኖር ጥር 10 ቀን ገሃድ መሆኑን፥ ጥር 11 ቀን ግን ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ የማይጾም መሆኑን ቢነገረው መልካም ነው። የነነዌ ጾምም ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሦስት ቀን ስለሚጾም፥ በዚያ ሳምንት የሚቈይ እንግዳ ምን እንደሚቀርብለት አስቀድሞ ይታሰብበት። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ውስጥ ግን የረቡዕና የዓርብ ጾም ስለሌለ፥ ሠርጋቸውን በዚያ ወራት የሚያደርጉ ሰዎች በዚህ በኩል ችግር የለባቸውም።

ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላ የሚከበርበት ቀን መሆኑን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። በቃና በተደረገው ሠርግ የወይን ጠጅ ማለቁን ስናስብ፥ ማዕድ ይጐድልብኛል የሚለው የደጋሽ ስጋት ዛሬ የተጀመረ እንዳይደለ እንረዳለን። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ብድር አይደለም።

የእንግዶችን ዝርዝር በሚያዘጋጁበት ጊዜ የሚጾሙትን፥ ሕመምተኞችን፥ ሕፃናትንና የሌላ እምነት ተከታዮችን ለይቶ መጻፍ ይጠቅማል። በጎንደር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጉርብትና አብሮ የኖረ ስለ ሆነ፥ ለሙስሊም ጎረቤቶችና ወዳጆች በራሳቸው ሰው እጅ የሚታረድና በተለየ ዕቃ የሚሠራ ምግብ ማዘጋጀት የቆየ የመከባበር ልማድ ነው። ይህ ልማድ በዛሬው ሠርግም እንዳይቀር እናሳስባለን። ለጥምቀት በዓል ከተማው በምእመናንና በጎብኚዎች ስለሚሞላ፥ የማረፊያ ክፍል አስቀድሞ መያዝ ይገባል።

እንግዳው በደረሰ ዕለት

በአየር የሚመጣ እንግዳ በአዘዞ በኩል ካለው የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል፤ ከአዲስ አበባ የሚፈጀው በረራ አንድ ሰዓት ያህል ነው። እንግዳውን የሚቀበል አንድ የቤተ ሰብ ሰው በዚያ ይገኝ። ይህ ሰው ለድግሱ ሥራ የማይፈለግ፥ ጠባዩ የተረጋጋ ወጣት ቢሆን ይመረጣል፤ ሠርገኛው ራሱ ወይም እናቱ እንግዳ ለመቀበል ቢሮጡ ሥራው ይበላሻል።

ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ ስለ ሆነ፥ ከዝቅተኛ አገር የመጣ ሰው፥ ይልቁንም ሽማግሌና የልብ ሕመም ያለበት፥ በመጀመሪያው ቀን ዳገት መውጣት የለበትም። እግሩን ይታጠብ፤ ጥቂት ይተኛ፤ ከዚያም ቡና ይፈላለት። ቄጠማ ተጐዝጕዞ፥ ዕጣን ጨሶ፥ ቆሎና ድፎ ዳቦ ቀርቦ፥ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ቡና ለሁለት የማይተዋወቁ ቤተ ሰቦች ከሁሉ የሚሻል መተዋወቂያ ነው። በዳስ ውስጥ ማን የማን እናት እንደ ሆነች ለመጠየቅ ጊዜ የለም፤ በቡና ላይ ግን ሁሉም ይጠየቃል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እንግዳውን በተሽከርካሪ ይዞ ጎሃ ሆቴል ወዳለበት ኰረብታ መውጣት ይቻላል። ከዚያ ሲመለከቱት ግንቦቹ፥ የአብያተ ክርስቲያናቱ ዛፎችና ጣሪያዎች፥ በዙሪያው ያሉትም ተራሮች በአንድነት ስለሚታዩ፥ በማግሥቱ የሚሄዱበትን ስፍራ ሁሉ በጣት እያመለከቱ ማስረዳት ይቻላል።

በፋሲል ግቢ

በማግሥቱ ማለዳ፥ ፀሐይ ሳትበረታ፥ ወደ ፋሲል ግቢ መሄድ ነው። ከዐፄ ፋሲል አስቀድሞ የነበሩት ነገሥታት ከስፍራ ወደ ስፍራ በድንኳን ሲዘዋወሩ ኖረዋል። ዐፄ ፋሲል (ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም.) ግን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ቈርቍረው በድንጋይና በኖራ ግንብ አሠሩ፤ ከተማዋም ከ200 ዓመት በላይ የመንግሥት መቀመጫ ሆነች። ከእርሳቸውም በኋላ የነገሡት እያንዳንዳቸው በዚያው ቅጥር ውስጥ የየራሳቸውን ሕንፃ ጨመሩ። ቅጥሩ 12 በሮች አሉት፤ የዙሪያው ርዝመት 900 ሜትር ያህል ነው። የዓለም ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ1972 ዓ.ም. ነው።

እንግዳ ሁሉ ቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በአራቱ ማዕዘን ክብ ግንቦች በተሠሩለት በዐፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት ላይ ነው። ነገር ግን በዚያ ብቻ መመለስ አይገባም። የጻድቁ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት፥ የዐፄ ዳዊትን የመዝሙር አዳራሽ፥ በምድር መንቀጥቀጥና ኋላም በጦርነት ጊዜ በቦምብ የተጐዳውን የአድያም ሰገድ ኢያሱን ቤተ መንግሥት፥ የአንበሶቹን ቤት፥ የእቴጌ ምንትዋብንም ግንብ ማየት ያስፈልጋል። ለሠርግ እንግዳ ከሁሉ የሚስማማው ግን ዐፄ በካፋ (ከ1713 እስከ 1723 ዓ.ም.) ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው፤ እንግዳን ሰብስቦ ማብላትና ማጠጣት በዚህ አገር ምን ያህል የመንግሥት ሥራ እንደ ነበረ በዚያ ቆሞ ማስረዳት ቀላል ነውና። በግቢው ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚዘዋወር ሰው ሁለት ሰዓት ይበቃዋል።

የመግቢያ ዋጋ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ አገር ዜጋ የተለያየ ስለ ሆነ፥ እንግዶች መታወቂያ ወረቀታቸውን ይዘው ይምጡ። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ በበሩ ላይ ይገኛል፤ ዋጋውን ከመጀመራቸው በፊት መነጋገር ለሁለቱም ወገን ክብር ነው። ሆኖም በቤተ ሰቡ ውስጥ ታሪክ የሚያውቁ አንድ አዛውንት ካሉ፥ ለእርሳቸው ወንበር ይዞ የሚከተል ልጅ አዘጋጅቶ እርሳቸው እንዲያስረዱ ማድረግ ከሁሉ ይበልጣል። እንግዳው ታሪኩን ብቻ ሳይሆን የተዛመደውንም ሰው ያውቃልና።

በደብረ ብርሃን ሥላሴ

ከግቢው ወጥቶ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ጥቂት እንደ ተጓዙ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያኑን መጀመሪያ ያሠሩት አድያም ሰገድ ኢያሱ ሲሆኑ የተመረቀውም በ1686 ዓ.ም. ነው። የውስጡ ግድግዳ ሁሉ በሥዕል የተሸፈነ ነው፤ በቤተ መቅደሱ በር በላይ ሥላሴና ስቅለቱ ተሥለዋል፤ ጣሪያው ደግሞ ከ100 በሚበልጡ ክንፍ ባላቸው የመላእክት ፊቶች የተሞላ ነው፤ ቀና ብሎ ያየ ሰው ሁሉም ወደ እርሱ የሚመለከቱ ይመስለዋል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲጠፉ ይህ ተርፏል። የንብ መንጋ ወጥቶ ጠላቱን እንዳባረረለት በትውፊት ይነገራል።

እንግዳውን ወደዚህ ስናመጣ አንድ ነገር ልናስብ ይገባናል። አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች በተቀበለ ጊዜ ያደረገው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ተጽፎአል፤ ሮጦ ተቀበላቸው፤ ለእግራቸው ውኃ አቀረበ፤ በጥላ አሳረፋቸው፤ ሲበሉም በአጠገባቸው ቆመ። የታረደው ግን አንድ ጥጃ ነው። የእንግዳ አቀባበል ሁሉ አብነት የሆነው ያ ማዕድ በአስተናጋጁ ትጋት እንጂ በከብቱ ቍጥር አልተመሰገነም።

የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት በተለይ ከውጭ አገር ለመጡ ልጆች አስቀድሞ ይነገር። ጫማ ይወልቃል፤ ሴቶች ነጠላ ይለብሳሉ፤ የወንድና የሴት መግቢያ የተለየ ነው፤ ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት አይገባም፤ ቢፈቀድም የካሜራው ብልጭታ ሥዕሉን ስለሚጎዳ መብራቱ ይጥፋ። በቅዳሴ ሰዓት ለጉብኝት መግባት ተገቢ አይደለምና ከቅዳሴ በኋላ ያለው ጊዜ ይመረጥ።

በቁስቋምና በጥምቀተ ባሕሩ

ከምሳ በኋላ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው መንገድ መሄድ ይቻላል። በልማድ የፋሲል መዋኛ የሚባለው ጥምቀተ ባሕር በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያለ ጸጥ ያለ ስፍራ ነው፤ የዛፎቹ ሥሮች የቅጥሩን ድንጋይ አቅፈው መያዛቸው ሕፃናትን ሁሉ ያስደንቃል። ገንዳው ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ይሞላል፤ በሌላው ወራት ደረቅ ሆኖ ለሚያገኘው እንግዳ ይህን ማስረዳት ይገባል። የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከገባ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ተመልካች ስለ በዓሉ አስቀድሞ የሰማ ነው።

ከዚያ አልፎ በኰረብታው ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም አለ። ይህን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እርሳቸው የቋራ ተወላጅ፥ የዐፄ በካፋ ባለቤት፥ ኋላም ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ የደፉ፥ በእውነት አገር ያስተዳደሩ ሴት ነበሩ። የቤተ መንግሥታቸው ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር በደረሰ ጊዜ በቁስቋም ተቀብለው ያስተናገዱት እቴጌይቱ ናቸው። ሰውየው አገሩ ተመልሶ ስለ ኢትዮጵያ ብዙ ጥራዝ ያለው መጽሐፍ ጻፈ፤ የጎንደርም ስም በአውሮፓ ከተሰማባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ሆነ። እንግዲህ የዛሬው እንግዳችንም ወደ አገሩ ሲመለስ የሚናገረው ከእኛ ያየውን ነው።

ስለ መብል

በፍስክ ቀን የሠርግ ማዕድ አለቃ ዶሮ ወጥ መሆኑ አያከራክርም። ሽንኵርቱ ያለ ችኰላ ቍሌት ሆኖ፥ ድልኸ በርበሬው በንጥር ቅቤ ተዋሕዶ፥ ዶሮዋም በ12 ብልት ተከፍላ ስትቀርብ የባለሙያ ሴት እጅ ይታወቃል። ነገር ግን በርበሬ ያልለመደ እንግዳ እንዳለ ታስቦ አልጫ ከአጠገቡ አይጥፋ። ለጠዋት ቁርስ ቅንጬ፥ የእንጀራ ፍርፍር፥ ወይም ድፎ ዳቦ ከማር ጋር ይበቃል። በጤፍ ብቻ የለመደ የከተማ ሰው የዳጉሳ እንጀራ ቢቀምስ አዲስ ነገር ይሆንለታል። ጣና ቅርብ ስለ ሆነም በከተማው ምግብ ቤቶች ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ ተጠብሶ ወይም በወጥ ይገኛል።

ስለ ጥሬ ሥጋ ግልጥ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ለእኛ ክብር የሆነው ቍርጥ ለማያውቀው ሆድ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ የኮሶ ትልም የሚመጣው በዚሁ በኩል ነው። ለሕፃናት፥ ለነፍሰ ጡርና ከውጭ አገር ለመጣ እንግዳ የበሰለ ሥጋ ይቅረብ፤ «ካልቀመስክ እቀየማለሁ» ማለትም ፍቅር አይደለም። ጉርሻም እንዲሁ ነው፤ አንዲቱ ፍቅር ናት፥ አምስተኛዪቱ ግን ጭንቅ።

በጾም ቀን ደጋሹ «የጾም ነውና ይቅርታ» እያለ ሲያፍር መስማት አንወድም፤ የጾም ማዕዳችን የሚታፈርበት አይደለምና። በደንብ የተሠራ ሽሮ፥ ምስር ወጥ፥ ክክ አልጫ፥ ጎመን፥ ስልጆ፥ ተልባ፥ የሱፍ ፍትፍት፥ አዚፋ፥ ከሽምብራ ዱቄት በዓሣ አምሳል ተሠርቶ የሚወጠወጠው የሽምብራ ዓሣ፥ እነዚህ ሁሉ በአንድ ትሪ ላይ ሲዘረጉ ከባሕር ማዶ የመጣው እንግዳ ከዶሮው ይልቅ ስለ እነርሱ ሲጠይቅ ይሰማል። ወጪአቸውም ከሥጋው በብዙ ያንሳል። ዓርብ ማታ ለሚደርሱ እንግዶች ከዚህ የሚሻል መቀበያ የለም።

ስለ መጠጥ

ጠላ በጎንደር ከገብስም ከዳጉሳም ይጠመቃል። በዚህ አገር ከሚታወቁት መጠጦች አንዱ ግን ኮረፌ ነው። የገብሱ ድፍድፍ ከጌሾ ጋር ተቀላቅሎ በጋን ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀመጣል፤ በሚፈለግበት ጊዜ እየተቀነሰ በውኃ ይበጠበጥና አንድ ቀን አድሮ ይጠጣል። ወፍራምና ምግብነት ያለው ስለ ሆነ በባዶ ሆድ አይመከርም፤ እንግዳው በትንሽ ዋንጫ ቢቀምሰው በቂ ነው። ጠጅ ማርና ውኃው ከጌሾ ጋር ተዋሕዶ የሚሠራ የክብር መጠጥ ነው፤ ማሩን በስኳር መተካት እንግዳንም ራስንም ማታለል ስለ ሆነ፥ ማር ከተወደደ መጠኑን ማሳነስ ይሻላል። ለሕፃናትና አልኮል ለማይጠጡ ሰዎች ብርዝ ይዘጋጅ፤ የማር ጣዕሙ አለው፥ ስካር የለበትም።

ስለ አረቄ ብዙ አንናገርም፤ ኀይለኛ ነው፤ የቤት አረቄ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያሰክር በመለኪያው አይታወቅም። እንግዶችን በመኪና የሚያመላልስ ሰው ግን በዚያ ቀን ጠላም ቢሆን መቅመስ የለበትም። ይህን ሰው አስቀድሞ መምረጥና በሌላ ነገር ማክበር የደጋሹ ግዴታ ነው። ሠርግ ወደ ለቅሶ እንዳይለወጥ የሚጠብቀው ይህ አንዱ ጥንቃቄ ነውና። የተቀቀለ ወይም የታሸገ ውኃም በየማዕዱ ላይ አይጥፋ።

በገበያ

ከመመለሱ በፊት እንግዳው ገበያ መውጣት ይፈልጋል። ቅዳሜ ገበያ በርበሬውን፥ ጥቁር አዝሙዱን፥ ጌሾውን፥ ማሩን፥ ከቈላው አገር የሚመጣውን ሰሊጥ የሚያዩበት ነው። በጥልፉ ስሙ የታወቀው የጎንደር ቀሚስ ለሴት እንግዳ መታሰቢያ ይሆናል፤ ለመልስ ቀን የምትለብሰው ካስፈለጋትም ልኳ አስቀድሞ ለሸማኔውና ለጠላፊው ይሰጥ። ዋጋ በሚነጋገሩበት ጊዜ አንዲት የአገር ሴት አብራ ትሁን፤ ነገር ግን የባለሙያን ድካም እስከ መጨረሻው ማርከስ መልካም አይደለም።

በስተ ሰሜን በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ወገኖች ይኖሩባት የነበረች፥ በሸክላ ሥራ ስሟ የታወቀ መንደር ናት። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ከተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ጋር ወደ እስራኤል ሄደዋል። ከእስራኤል ለሠርግ የሚመጣ እንግዳ ቢኖር የወላጆቹን መንደር ለማየት መጠየቁ አይቀርምና፥ የሚያደርሰውና ስፍራውን የሚያውቅ ሰው ይፈለግለት። ለእርሱ ይህ ጉብኝት ሳይሆን እንደ መሳለም ነው።

ከከተማው ውጭ

ቀን የተረፈው እንግዳ ሁለት ነገር ይመኛል። አንደኛው በደቡብ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው በጣና ዳር ያለው ጎርጎራ ነው፤ በዚያ የደብረ ሲና ማርያም ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያንና በቅርብ ዓመታት የተሠራ ማረፊያ ይገኛሉ። ሁለተኛው 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሰሜን ያለችው ደባርቅ ናት፤ ከእርስዋ አልፎ በስሜን ተራሮች ጭላዳና ዋልያ ይታያሉ።

ይሁን እንጂ እውነቱን መሸሸግ አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በየብስ መንገድ መጓዝ ብዙ ጊዜ አስጊ ሆኖ ቈይቷል። ስለዚህ የመንገዱ ሁኔታ ከአገሩ ሰዎችና ከባለሥልጣኖች በዚያው ሳምንት፥ ይልቁንም በዚያው ዕለት ጠዋት ሳይጠየቅ እንግዳ ከከተማ ማውጣት ፈጽሞ አይገባም። ጥርጥር ካለ መቅረት ነው። እንግዳው ቢያዝን ነገ ይረሳዋል፤ ክፉ ቢያገኘው ግን ለሁለቱ ቤተ ሰብ ዕድሜ ልክ የማይረሳ ነው። ከላይ የዘረዘርናቸው በከተማው ውስጥ ያሉት ስፍራዎች ለአንድና ለሁለት ቀን በቂ ናቸው።

ስለ ወጪው

አሁን ሒሳቡን እናስተያየው። ለ15 እንግዶች የሚሆን አንድ ሚኒባስ ለአንድ ቀን መከራየት፥ የመግቢያ ዋጋ መክፈልና በአገልግል ምሳ ቋጥሮ መሄድ፥ ሁሉም ተደምሮ ከአንድ የድግስ በሬ ዋጋ እንደማይደርስ ማንም ዋጋ ጠይቆ ሊያረጋግጥ ይችላል። በሬው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ያ ቀን ግን ለብዙ ዓመት ሲወራ ይኖራል። አገልግሉንም ንቀን አንለፈው። በቆዳ የተለበጠው አገልግል በቋንጣ ፍርፍር ወይም በጾም ፍትፍት ተሞልቶ በጥምቀተ ባሕሩ አቅራቢያ ካለ ጥላ ሥር ሲከፈት፥ የሙሽራው አጎትና የሙሽሪት አክስት ከአንድ ዕቃ ሲጐርሱ፥ ዝምድናው በዚያ ይጸናል።

እንግዳውም በበኩሉ ግዴታ አለበት። የሚመጣበትን ቀንና የሚመለስበትን ቀን አስቀድሞ ያስታውቅ፤ ያልተጠራ ሰው አስከትሎ አይምጣ፤ ስለ ማረፊያው ራሱ መክፈል ከቻለ ይክፈል፤ ያልቀረበለትን አይጠይቅ። «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ብር፥ በሦስተኛው ብረት» የሚባለው በከንቱ አይደለምና፥ መልሱና ቅልቅሉ እንዳለቀ ባለቤቶቹ እንዲያርፉ ዕድል ይስጣቸው። እጅ መንሻውንም ለድግሱ ማካካሻ ሳይሆን ለሙሽሮቹ ጎጆ መቋቋሚያ እንዲሆን አድርጎ ቢሰጥ የተሻለ ነው።

የሠርጋቸውን ቀን የቈረጣችሁ ቤተ ሰቦች ሆይ፥ እንግዲህ የድግሱን ዝርዝር ስትጽፉ ከበሬው፥ ከጤፉና ከማሩ ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምሩ፤ በዚያም ላይ «እንግዶችን የሚያስጐበኝ» ብላችሁ የአንድ ሰው ስም ጻፉበት። ያ ሰው አስተዋይ ከሆነ፥ የሦስተኛውን በሬ ዋጋ ለሙሽሮቹ ታተርፉላቸዋላችሁ፤ ዘመድ የሆኑአችሁም ሰዎች ከተማችሁን አውቀው፥ ፊታችሁን አይተው፥ ረክተው ይመለሳሉ።